ካርዱ መጥቷል፣ ሥራው ግን የለም፤ እህቴን ምን ልበላት?

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከደብረ ብርሃን ነው። ባለትዳርና የሁለት ልጆች አባት ነኝ፣ ፋብሪካ ውስጥ እሠራለሁ። እናትና አባታችን ባሶና ወራና ገበሬዎች ናቸው። አምስት ወንድማማችና እህትማማች ነን። የመጀመሪያው እኔ ነኝ፣ ዛሬ ስለ እሷ የምጽፍልዎ እህቴ ደግሞ የመጨረሻዋ።

እህቴ ከልጅነቷ ጀምሮ ጎበዝ ናት። እዚሁ ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ስታቲስቲክስ ተምራ በጥሩ ውጤት ተመረቀች። ከዚያ አሜሪካ፣ ኦሃዮ ውስጥ ማስተርስ አገኘች። ከክፍያው ግማሹን ትምህርት ቤቱ ቻለላት፣ ግማሹ እኛ ላይ ወደቀ። አባታችን ባህር ዛፉን ሸጠ፣ ሁለት በሬዎችም ሸጠ። እኔ ከብድርና ቁጠባ ማህበር ተበደርኩ፣ አጎታችን ዋስ ሆነኝ። መሃል ላይ ዶላሩ ሲወደድ ያሰብነው ብር ሳይበቃ ቀረና እንደገና ተበደርን። ግድ የለም፣ ስትመረቅ ትከፍለዋለች አልን።

ግንቦት ላይ ተመረቀች። በጥቁር ጋዋን የተነሳችውን ፎቶ አይተን ቤቱ በእልልታ ቀለጠ። ነገሩ የተበላሸው ከዚያ በኋላ ነው። መጀመሪያ «የሥራ ፈቃድ ካርድ እየጠበቅኩ ነው» አለች። ሰኔ መጨረሻ ላይ «ካርዱ መጣ» ስትል አባቴ በግ አረደ። አሁን ነሐሴ እያለቀ ነው፣ ሥራ ግን የለም። «ጋሼ፣ በተማርኩበት ሙያ ሥራ ሳላገኝ 90 ቀን ካለፈኝ ወረቀቴ ይበላሻል» ትለኛለች። ከግማሽ በላዩ ሄዷል። እውነቱን ልንገርዎ፣ አልዋጥልህ ብሎኛል። ማስተርስ ያለው ሰው፣ ካርድ ይዞ፣ አሜሪካ ቁጭ ብሎ ሥራ ያጣል? የጎረቤታችን ልጅ ከስምንተኛ ክፍል አቋርጣ ሳውዲ ሄዳ ለእናቷ ቤት ሠርታለች።

ሜሪላንድ ያለ የአክስታችን ልጅ ሁለት ነገር ይመክረኛል። አንዱ፣ ሬስቶራንት ገብታ ትሥራ ነው። ሌላው፣ አንድ የሚያውቀው ሰው አለ፤ ገንዘብ ከተከፈለው የድርጅቴ ተቀጣሪ ናት ብሎ ያስመዘግባታል፣ ቀኑም መቁጠር ያቆማል። እሷ «አላደርገውም» አለች። እኔም ተናድጄ «በሬ የተሸጠው አንቺ ሥራ እንድታማርጪ ነው?» ብዬ ጻፍኩላት። ከዚያ ወዲህ የምጽፈውን ታነባለች፣ አትመልስም።

እናታችን ደግሞ ስኳር አለባት። «ለመስቀል መጥታ ዓይኗን አይቼው ትመለስ» እያለች ነው። ማህበሩ በጥቅምት ክፈል ብሎኛል። እህቴ የምትለው እውነት ነው? ያ ሰው እንዲያስመዘግባት ልጫናት ወይስ ልተዋት? እናቴን አይታ ብትመለስስ? እህል ውሃ አልል ብሎኛል፣ ምከሩኝ።

ታላቅ ወንድም፣ ከደብረ ብርሃን

*

ወንድሜ፣ ከሁሉ በፊት ዋናውን ጥያቄህን ልመልስልህ። እህትህ አልዋሸችህም። የነገረችህ ነገር እንዳለ እውነት ነው። እንዲያውም ከነገረችህ በላይ የከበደ ነው፣ እናንተን ላለማስጨነቅ ቀንሳ የነገረችህ ይመስለኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለትምህርት አሜሪካ የሚገባ ተማሪ የሚይዘው ቪዛ ኤፍ-ዋን ይባላል። መማሪያ ነው፣ መሥሪያ አይደለም። ትምህርቱን ሲጨርስ ግን በተማረው ሙያ ልምድ እንዲይዝ 12 ወር ይፈቀድለታል። ኦፒቲ የሚሉት ይህንን ነው። ፈቃዱ ከዲግሪው ጋር አብሮ አይሰጥም። ትምህርቱ ከሚያልቅበት ቀን በፊት ባሉት 90 ቀናት ወይም ከዚያ በኋላ ባሉት 60 ቀናት ውስጥ ማመልከት ያስፈልጋል። መጀመሪያ የትምህርት ቤቱ የውጭ ተማሪዎች ቢሮ በመንግሥት መዝገብ ላይ ድጋፉን ያስገባል፣ አይ-ትዌንቲ የሚባለውንም የተማሪነት ማረጋገጫ ወረቀት አድሶ ይሰጣል። ከዚያ በ30 ቀን ውስጥ ማመልከቻው ኢሚግሬሽን መድረስ አለበት። ክፍያው በኦንላይን ሲሆን 470 ዶላር ነው፣ በወረቀት ሲሆን 520። ከዚያ መጠበቅ ነው። ካርዱ ሳይመጣና ካርዱ ላይ የተጻፈው የመጀመሪያ ቀን ሳይደርስ አንድ ሰዓት እንኳ መሥራት አይፈቀድም።

እንግዲህ እህትህ ይህን ሁሉ ብቻዋን ጨርሳለች። በመመረቂያ ፈተና መሃል፣ ቤት ኪራይ እየከፈለች፣ ቀኑን ሳታሳልፍ። እናንተ በግ ያረዳችሁለት ካርድ በዚህ ሁሉ ነው የመጣው፣ በጉም ይገባዋል።

ግን ካርዱ ሥራ አይደለም። መንጃ ፈቃድ ያወጣ ሰው መኪና ተሰጠው ማለት እንዳልሆነ ሁሉ ካርዱ የሚለው «ብታገኚ መሥራት ትችያለሽ» ብቻ ነው። የሚያገኝላት የለም። ከዚያ 90 ቀኑ ይመጣል። ካርዱ ላይ ከተጻፈው የመጀመሪያ ቀን ጀምሮ ሥራ ያልያዘችበት እያንዳንዱ ቀን ይቆጠራል። ቅዳሜና እሑድም ይቆጠራል፣ በዓልም ይቆጠራል። መቁጠሩ የሚቆመው ከተማረችው ሙያ ጋር የተያያዘ ሥራ በሳምንት ቢያንስ 20 ሰዓት ስትሠራ ነው። ካርዱ ላይ ያለው ቀን ሰኔ መጨረሻ ከሆነ ቀኗ የሚያልቀው መስቀል አካባቢ ነው ማለት ነው። አንተ በጥቅምት ማህበሩ ያስጨንቅሃል፣ እሷ በመስከረም የምትፈራው ቀን አላት። ሁለታችሁም ቀን እየቆጠራችሁ ነው፣ ግን አንዳችሁ ለሌላችሁ ያንን አልተነጋገራችሁም።

ማስተርስ ይዞ ሥራ ይጠፋል ወይ ላልከኝ፣ አዎ ይጠፋል። ለዜጋውም ይጠፋል፣ ለውጭ ተማሪ ደግሞ ይብሳል። ማመልከቻ ስትሞላ በየፎርሙ የምታገኘው አንድ ጥያቄ አለ፦ «አሁን ወይም ወደፊት የቪዛ ስፖንሰር ያስፈልግሻል?» የሚል፣ ድርጅቱ የሥራ ቪዛ ሊያመለክትልሽ ያስፈልጋል ወይ ማለት ነው። እውነቱን ስትመልስ «አዎ» ማለት ነው፣ ብዙ ድርጅት ደግሞ እዚያው ላይ ይጥላታል። ምክንያቱም ከኦፒቲ በኋላ ለመቆየት አብዛኛው ሰው የሚሄድበት ኤች-ዋን-ቢ የሚባለው የሥራ ቪዛ በዕጣ ነው። በዓመት 65,000፣ እዚያው አገር ማስተርስ ለያዙ ደግሞ ተጨማሪ 20,000 ቦታ ብቻ ነው ያለው። ሠራተኛ ቀጥሮ፣ አሠልጥኖ፣ በዕጣ ማጣት የማይፈልግ ድርጅት ብዙ ነው። የጎረቤታችሁ ልጅ የሄደችበት መንገድ ሌላ ነው፣ ለእናቷ የከፈለችውንም ዋጋ እሷ ናት የምታውቀው። ሁለቱን አታወዳድራቸው።

አሁን ወደዚያ «አስመዘግባታለሁ» ወደሚለው ሰው እንምጣ። እዚህ ላይ መለሳለስ አልችልም። አትጫናት። እምቢ በማለቷ ልታመሰግናት ይገባል።

ለምን እንደሆነ ልንገርህ። ስሟ በዚያ ሰው ድርጅት ስር ሲገባ፣ ሥራ የሌለችው ልጅ ለአሜሪካ መንግሥት «እሠራለሁ» ብላ ማስመዝገቧ ነው። መዝገቡ ሴቪስ ይባላል፣ የሚሞላውም በራሷ ስም ነው። እንዲህ ያሉ ቤቶችን መንግሥት ያውቃቸዋል። አንድ አድራሻ ላይ ብዙ ተማሪ ተቀጥሮ ደሞዝ የሚከፈለው ሰው ከሌለ ጥያቄ ይነሳል። ያ ቤት የተያዘ ቀን ደግሞ ስሙ እዚያ ያለ ተማሪ ሁሉ አብሮ ይያዛል። ነገሩ ዛሬ ባይታወቅ ከዓመታት በኋላ ሌላ ቪዛ ወይም ግሪን ካርድ ስትጠይቅ «በዚያ ጊዜ የት ትሠሪ ነበር? የደሞዝ ወረቀት አምጪ» ትባላለች። ሐሰት ተናግሮ የኢሚግሬሽን ጥቅም ማግኘት እዚያ አገር ዕድሜ ልክ ሊያስከለክል የሚችል ነገር ነው። ሰውዬው ገንዘቡን ይቀበላል፣ ጣጣው ከእሷ ጋር ይቀራል። ያ ገንዘብስ ከየት ሊመጣ ነበር? ሌላ በሬ አለ?

ሬስቶራንቱም ቢሆን የአክስታችሁ ልጅ እንደሚያስበው ቀላል አይደለም። ልጁ ክፉ አስቦ አይመስለኝም። ዲቪ ደርሶት ወይም ግሪን ካርድ ይዞ የኖረ ሰው የተማሪ ወረቀት ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ ላያውቅ ይችላል። እሷ ካርድ ስላላት ባለ ሬስቶራንቱ ይቀጥራታል፣ ችግር የለም ይላል። ግን ኦፒቲ የሚፈቅደው ከሙያዋ ጋር የተያያዘ ሥራ ነው። ሳህን ማጠብ ስታቲስቲክስ ስላልሆነ 90 ቀኑን አያቆምላትም፣ እንዲያውም የፈቃዱን ደንብ መጣስ ይሆንባታል። በካሽ ቢከፈላትም ያው ነው።

ሌላም ምክር ሊመጣላችሁ ይችላል፣ «ጥገኝነት ትጠይቅ፣ ኬዝ ታስገባ» የሚል። የአካባቢያችንን ሁኔታ አንተም ታውቀዋለህ፣ እኔም አውቀዋለሁ። በእውነት የሚያሰጋት ነገር ካለ ሕጉ የፈቀደላት መብት ነው፣ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ታነጋግር። ወረቀት ለማግኘት ብቻ ታሪክ መፍጠር ግን ከዚያ ሰው ድርጅት የተለየ ነገር አይደለም።

ታዲያ ምን ታድርግ? ደስ የሚለው ነገር፣ በሕጋዊ መንገድ ቀኑን የሚያቆም ነገር አለ፣ ብዙ ተማሪም አያውቀውም። በመጀመሪያዎቹ 12 ወራት ሥራው የግድ ደሞዝ ሊኖረው አይገባም። ከሙያዋ ጋር የተያያዘ፣ በሳምንት ቢያንስ 20 ሰዓት የሚሞላ፣ የሠራተኛ ሕግ የማይጥስ የበጎ ፈቃድ ሥራ ወይም ያለ ክፍያ የሚሠራ ልምምድ ይቆጠርላታል። ለትርፍ የሚሠራ ድርጅት ሰው በነጻ ማሠራት ብዙ ጊዜ ስለማይፈቀድለት የሚሻለው በጎ አድራጎት ድርጅት ወይም ዩኒቨርሲቲ ነው። እሷ ያለችበት ሙያ ለዚህ ይመቻል። ዳታ የሌለው ቤት የለም። የመመረቂያ ጽሑፏን ያማከራት መምህር ያልጨረሰው ምርምር ይኖረዋል። ስደተኞችን የሚረዳ ወይም ምግብ የሚያከፋፍል ድርጅት የሰበሰበውን ቁጥር የሚያይለት ሰው ይፈልጋል። እዚያ ትግባ። ከኃላፊው ደብዳቤ ትያዝ፦ ምን እንደምትሠራ፣ በሳምንት ስንት ሰዓት፣ ከተማረችው ጋር እንዴት እንደሚገናኝ፣ ከመቼ ጀምሮ። ከዚያ በ10 ቀን ውስጥ ኦፒቲ ላይ ላሉ ተማሪዎች በተዘጋጀው የመንግሥት ድረ ገጽ ላይ ወይም በትምህርት ቤቱ ቢሮ በኩል ታስመዝግብ። ሥራውን ከጀመረችበት ቀን አንስቶ መቁጠሩ ይቆማል፣ እሷም የሚከፈልበትን ሥራ ሳትጨነቅ ትፈልጋለች።

አዎ፣ ደሞዝ የለውም። አንተ የምትጠብቀውን ገንዘብ አያመጣም። ግን ወረቀቷን ያተርፍላታል፣ ገንዘቡም የሚመጣው ወረቀቱ ከተረፈ ነው። ለኪራይና ለምግብ እንዴት እንደምትሆን ግን ጠይቃት። አብረዋት የሚኖሩ ልጆች አሉ? ሜሪላንድ ያለው የአክስታችሁ ልጅ ለዚያ ሰው ሊከፈል የነበረውን ገንዘብ ለሁለት ወር ኪራይ ሊያበድራት ይችል ይሆን? እሱን ልትጠይቀው የሚገባህ ይህንን ይመስለኛል።

ሌላም አለ። ስታቲስቲክስ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ከሚባሉት ሙያዎች ውስጥ ነው፣ ስለዚህ ከ12 ወሩ በኋላ ተጨማሪ 24 ወር ልትጠይቅ ትችላለች። ለዚያ ግን ቀጣሪዋ ኢ-ቬሪፋይ በሚባለው የመንግሥት ሲስተም የተመዘገበ መሆን አለበት፣ ሥራውም ደሞዝ ያለው። ማመልከቻም ሆነ ቃለ መጠይቅ ላይ «ስፖንሰር ያስፈልግሻል?» ሲሏት «አዎ» ብላ አታቁም። «እስካሁን ባለኝ ፈቃድ እስከ ሦስት ዓመት ድረስ ያለ ስፖንሰር መሥራት እችላለሁ» ብላ ታስከትልበት። ብዙ ቀጣሪ ይህንን አያውቅም። ዩኒቨርሲቲዎችና ከእነሱ ጋር የተያያዙ የምርምር ተቋማት ደግሞ የኤች-ዋን-ቢው ዕጣ ውስጥ አይገቡም፣ ስለዚህ እዚያ የሚወጡትን የዳታ ሥራዎች ታስቀድም። ይህን ሁሉ እሷ ታውቀው ይሆናል። ካወቀችው ጥሩ፣ አንተም እንዳወቅክ ስታይ ደስ ይላታል።

90 ቀኑ ሊያልቅ ሲል ሥራም የበጎ ፈቃድ ቦታም ካልተገኘስ? ያኔም ቢሆን ቀኑ ከማለፉ በፊት ነው መወሰን ያለባት። ወደ ሌላ ትምህርት መዛወር፣ ወደ ሌላ ቪዛ መቀየር፣ ወይም በሰላም ወደ አገር መመለስ ትችላለች። ካለፈ በኋላ ምርጫው በጣም ይጠባል። ለዚህ ደላላ አያስፈልግም። የትምህርት ቤቷ የውጭ ተማሪዎች ቢሮ ከፍላ የተማረችበት ቢሮ ነው፣ ተመርቃም ይሠራላታል። ደንቡም በየጊዜው ስለሚለዋወጥ የመጨረሻውን ቃል ከእነሱ ትስማ፣ ከአክስት ልጅም ከኔም አይደለም።

አሁን እናታችሁ። ይህ ነው ደብዳቤህን ሳነብ ሆዴን ያባባው። እናት ስኳር ይዟት «ዓይኗን ልየው» ስትል እምቢ የሚል አንጀት ከየት ይመጣል። ግን አስበው። እህትህ የገባችው ማስተርሷን ስትጀምር ነው፣ ፓስፖርቷ ላይ ያለው ቪዛ ጊዜው ያለፈ ይሆናል። እዚያው ስትቀመጥ ችግር የለውም። ከወጣች ግን ለመመለስ አዲስ አበባ ኤምባሲ ቀርባ እንደ አዲስ ቪዛ መጠየቅ አለባት። ከኦፒቲ ካርዷ ጋር በ6 ወር ውስጥ የተፈረመ አይ-ትዌንቲ ያስፈልጋታል፣ ሥራ እንዳላት የሚያሳይ ደብዳቤም ትጠየቃለች። አሁን ያ ደብዳቤ የላትም። ከአገር ወጥታ የምታሳልፋቸው ሥራ አልባ ቀናትም ከ90ው ላይ ይቆጠራሉ። ለመስቀል ደመራ ለማየት መጥታ አብራችሁ ሦስት ሌሊት ካደረች በኋላ ቪዛ ተከልክላ ብትቀር እናታችሁ ራሷን ይቅር የምትል ይመስልሃል?

እናታችሁ በጠና ታማ ሐኪም ተስፋ የቆረጠባት ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። ያኔ መምጣት አለመምጣቱን እህትህ ሁሉንም አውቃ ራሷ ትወስን፣ ማናችሁም አትወስኑላት። ስኳሯ ግን መድኃኒት እየወሰደች የተያዘ ከሆነ፣ «ሥራ ይዛ፣ ወረቀቷን አስተካክላ ትመጣለች» ብለህ አንተ አስረዳት። በስልክ በሌላ ሰው በኩል አይሆንም። ሄደህ፣ እግሯ ስር ተቀምጠህ፣ ቀስ ብለህ። እናቶች እውነቱ ሲነገራቸው እኛ ከምንፈራው በላይ ይችሉታል። በቪዲዮ የሚተያዩበትንም ነገር አመቻች፣ ኔትወርኩ በሚሠራበት ቀን አንተ ቤት አምጥተህ አሳድራት።

ብድሩን በተመለከተ ከባዱን ነገር ልንገርህ። ያ ብድር አሁን ያንተ ነው። ወደፊት ከእህትህ ጋር የምትካፈሉት ቢሆንም ማህበሩ የሚያውቀው አንተንና ዋስ የሆነውን አጎትህን ነው። በጥቅምት ቀኑ ደርሶ ከምትጨናነቅ አሁን፣ አንድም ክፍያ ሳያልፍህ፣ ሄደህ አነጋግራቸው። በሰዓቱ ሲከፍል የኖረ ሰው ቀድሞ መጥቶ «ጊዜ ይራዘምልኝ፣ በወር ይህን ያህል ልክፈል» ሲል ከሚጠፋ ሰው ይልቅ ይሰሙታል። ጥያቄህን በጽሑፍ አድርገው፣ ግልባጩን ያዝ። አጎትህንም ከሰው ሳይሰማ አንተው ንገረው። ዋስ የሆነ ሰው የሚከፋው ገንዘቡ ሲዘገይ ሳይሆን ነገሩን ከሌላ ሰው አፍ ሲሰማ ነው። ከሌሎቹ ሦስት ወንድምና እህቶቻችሁስ የሚያግዝ የለም? ደብዳቤህ ውስጥ ከአንተና ከትንሿ በቀር ማንንም አላየሁም። ይህን ሁሉ ዓመት ብቻህን ተሸክመኸው ከሆነ የተናደድከው እሷን ብቻ ላይሆን ይችላል።

የጻፍክላትን መልእክት ላንሳው። «በሬ የተሸጠው አንቺ ሥራ እንድታማርጪ ነው?» የሚለውን። እህትህ ያንን ስታነብ የት እንደነበረች አስብ። ምናልባት ያን ቀን ሌላ ድርጅት «ስላመለከቱ እናመሰግናለን፣ በሌላ እጩ ቀጥለናል» ብሎ ጽፎላት ይሆናል። ቀጥሎ ስልኳን ስትከፍት ያንተ መልእክት። በሬውን እሷ ረስታዋለች ብለህ ታስባለህ? እኔ በየቀኑ የምታስበው ይመስለኛል። ታነባለች ግን አትመልስም ያልከኝ ስለናቀችህ አይደለም። የምትመልሰው ነገር ስላጣች ነው። «ገንዘብ ላክሁ» ከማለት በቀር አንተን የሚያስደስት መልስ ያለ አልመሰላትም። ያ መልስ ደግሞ የላትም።

አንተንም ተረድቼሃለሁ። ዓመታት ሙሉ ተሸክመህ፣ ዕረፍት ይመጣል ባልክበት ወር ሌላ ቀጠሮ ሲመጣ ያስጮሃል። ክፉ ሰው ስለሆንክ አይደለም ያንን የጻፍከው። አሁን ግን ቀድመህ መናገር ያለብህ አንተ ነህ፣ ጋሼ የምትልህ አንተን ስለሆነ።

መልእክት አትጻፍ። ደውልላት። መጀመሪያ ድምፅህን ቀድተህ ላክላት፣ አንድ ደቂቃ እንኳ አይሙላ። እንዲህ ብትል፦ «እህቴ፣ የጻፍኩልሽ ነገር ልክ አልነበረም። ይቅር በይኝ። ስለ 90 ቀኑ አንብቤ ተረድቻለሁ። ያንን ሰው እምቢ በማለትሽ ኮርቻለሁ። የብድሩን ነገር እኔ እያነጋገርኩ ነው፣ አታስቢበት። ቅዳሜ እደውልልሻለሁ።» ስለ ገንዘብ ከዚህ በላይ አትናገር። ስለ ጎረቤት ልጅም አታንሳ።

ቅዳሜ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ደውል፣ አሁን ባለው የሰዓት ልዩነት ኦሃዮ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ይሆናል። ወዲያው ምክር አትጀምር። እነዚህን ጠይቃት፦ ካርዱ ላይ የተጻፈው ቀን ስንት ነው? ስንት ቀን ቀረሽ? ከትምህርት ቤቱ ቢሮ ጋር መቼ ተነጋገርሽ? መምህርሽን ስለ በጎ ፈቃድ ሥራ ጠይቀሽዋል? ኪራይሽ እስከ መቼ ነው የተከፈለው? በደንብ ትበያለሽ? መልሱን በወረቀት ጻፈው። በሚቀጥለው ሳምንት ስትደውል ከዚያ ትቀጥላላችሁ፣ እሷም በየጊዜው እንደ አዲስ ማስረዳት አይጠበቅባትም።

መጀመሪያ ላይ ብታለቅስ ወይም ብትቆጣህ አትዝጋ። ዝም ብለህ ስማት። መምህሯ ወይም አንድ ድርጅት እሺ ካላት ጻፍልኝ። ካላሏትም ጻፍልኝ፣ ቀኑ ሳያልፍ ስለ ቀሪው ምርጫ አብረን እናያለን።